ሸኮ ያልደረሰው ባቡርና ማንም የማያየው ፉርጎ

በሚዛን ተፈሪ፣ በሸኮ ወይም በቴፒ መንደር ልጅ መኪና ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መጀመሪያ ሽቦ ይፈለጋል። ቀጥሎ ለጎማ የሚሆን ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ የሚወጣ ክብ ላስቲክ። ለጭነቱ ሳጥን የዘይት ቆርቆሮ ይቀደዳል፤ ቀርከሃ ከተገኘም ለመሪው ዘንግ ይሆናል። ፒንሳ ከሌለ ጥርስ አለ። ከሰዓት በኋላ መኪናው አልቆ በጭቃው መንገድ ላይ ይነዳል።

ልጁ የሚሠራው ግን ምንጊዜም ያየውን ነው። አይሱዙ ይሠራል፤ ባጃጅ ይሠራል፤ ቡና ጭኖ ወደ ጅማ የሚወጣውን ባለ ተሳቢ ይሠራል። ባቡር ሲሠራ አይታይም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባቡር አላየም። አባቱም አላየም። አያቱም አላየም።

የሚገርመው ግን ባቡር ወደዚህ አገር እንዲመጣ በወረቀት ከተጻፈ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል።

▪️ ሦስት ጊዜ በወረቀት የመጣ ባቡር

በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ሦስት ክፍል ነበረው። አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ካፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚወርድ ነበር። የቡና አገር በመጀመሪያው ወረቀት ላይ አለ ማለት ነው። ካፋ በዚያን ጊዜ ገና በራሷ ንጉሥ ሥር ነበረች፤ የምኒልክ ጦር የገባባት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ወረቀቱ ከጦሩ ቀድሞ ደረሰ። ሐዲዱ ግን እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ሁለተኛው ወረቀት በግንቦት 1894 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ውል ነው። ይህ ውል በዓባይና በባሮ አንቀጾቹ ይታወቃል። አንድ የተረሳ አንቀጽ ግን አለው፤ እንግሊዝ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር ላይ እንድትዘረጋ መብት ይሰጣል። ካርታ ላይ ጣት አስቀምጦ ሱዳንን ከኡጋንዳ በኢትዮጵያ በኩል ለማገናኘት የሞከረ ሰው ጣቱ በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ ጠረፍ ያልፋል። ይህም አልተሠራም።

ሦስተኛው ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአገሪቱን የሐዲድ መረብ ሲነድፍ ከመስመሮቹ አንዱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በኢጃጂ፣ በጅማ፣ በጉራፈርዳ አድርጎ ዲማ የሚደርስ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ሱዳን የሚያመራ ነበር። ጉራፈርዳ ማለት ከሸኮ ጋር በአንድ ዞን፣ በቤንች ሸኮ፣ ያለ ወረዳ ነው። ባቡር ወደ ሸኮ ሰው ደጃፍ በወረቀት ይህን ያህል ቀርቦ አያውቅም። እሱም እንደተነደፈ ቀረ።

በእነዚህ ወረቀቶች መካከል ቡናው መንገዱን ራሱ ፈልጓል። በበቅሎና በሰው ጀርባ ወደ ጎሬ ወጣ፤ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ወረደ፤ የባሮ ውኃ በሚሞላበት ክረምት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ሄደ። ኋላ መኪና መጣ። የበበቃና የቴፒ ትልልቅ እርሻዎች ሲቋቋሙ ምርታቸው በመኪና በጅማ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። ዛሬም በዚያው ይወጣል።

ስለ ባቡር ሲነሣ ታዲያ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «መቼ ይመጣል?» የሚል። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተጠየቀም። ከሱ በፊት መጠየቅ የነበረበት ሌላ ጥያቄ ግን አለ፤ ቢመጣ ማን ይጠግነዋል?

▪️ ማንም የማያየው ፉርጎ

ባቡር ሲባል በሁሉም ሰው ዓይን የሚመጣው ጎታቹ ነው። ጭሱ፣ ጡሩንባው፣ መብራቱ። ከኋላው የሰው ፉርጎና የዕቃ ፉርጎ ይከተላል። ሥዕሉ እዚህ ላይ ያበቃል።

በማንኛውም የባቡር ጣቢያ ግን ዳር ላይ፣ በሣርና በዝገት መሐል፣ ሌላ ዓይነት ፉርጎ ይቆማል። መንገደኛ አይጭንም፤ ሸቀጥ አይጭንም። የሚጭነው ለሐዲዱ ራሱ የሚያስፈልገውን ነው። አንዱ ጠጠር ይጭናል። አንዱ መለዋወጫ ሐዲድና አግዳሚ። አንዱ ላይ ክሬን ተተክሏል፤ ባቡር ሲወድቅ የሚያነሣው እሱ ነው። አንዱ ውስጥ ክሪክ፣ ሰንሰለት፣ መዶሻ፣ የብሎን መፍቻ ተደርድሯል። አንዱ ደግሞ የጥገና ሠራተኞቹ የሚያድሩበትና የሚያበስሉበት ቤት ነው። ከሁሉም የምታንሰው ሐዲዱን ለመመርመር አራት አምስት ሰው ጭና የምትሄደው፣ ፈረንሳዮች ድሬዚን የሚሏት ትንሽ ተሽከርካሪ ናት።

እነዚህ የጥገና ፉርጎዎች ናቸው። አንድ ባሕርይ አላቸው፤ ሁለቱ አይመሳሰሉም። ጎታች ከፋብሪካ ይገዛል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጎታች በሦስት አህጉር ሊገኝ ይችላል። የጥገና ፉርጎ ግን በብዙ አገር የባቡር ድርጅቱ ራሱ በጋራዡ የሚሠራው ነው። አሜሪካኖች ከአገልግሎት የወጣ የመንገደኛ ፉርጎ ወንበሩን ነቅለው ለሠራተኛ መኝታ ያደርጉት ነበር፤ ያረጀ የዕቃ ፉርጎ መስኮት ቀደው መሣሪያ ቤት ያደርጉት ነበር። ማን እንደሠራው፣ ምን ብረት እንደተገኘ፣ ቦታው ምን እንደጠየቀ በመልኩ ላይ ይነበባል።

ጎታች የኩባንያውን መልክ ያሳያል። የጥገና ፉርጎ የመሬቱን መልክ ያሳያል። መሬቱ ሐዲዱን በምን እንደሚያጠቃው፣ ሰውም በምን እንደሚመክት የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

▪️ ከባዶ መሥራት

ይህን ከባቡር ባለሥልጣናት ይልቅ ቀድመው ያስተዋሉ ሰዎች አሉ፤ ትንንሽ የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች።

የጀርመኑ ሜርክሊን እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት በልክ የተሠራ ሐዲድ ያለው የመጫወቻ ባቡር አቀረበ። ከኢልግ ፈቃድ ሦስት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከልጅ መጫወቻነት አልፎ የአዋቂ ሙያ ሆኗል። በጣም የተለመደው ልክ አንድ ሰማንያ ሰባተኛ ነው፤ 87 ሜትር የነበረው አንድ ሜትር ይሆናል። ለዚህ ልክ ብዙ የታወቁ ጎታቾች በፋብሪካ ተሠርተው በካርቶን ይሸጣሉ።

የጥገና ፉርጎ ግን እንደ ልብ በካርቶን አይገኝም። እያንዳንዱ የተለየ ስለሆነ ፋብሪካ አያዋጣውም። አንድን የተወሰነ ፉርጎ የፈለገ ሰው ከባዶ ይሠራዋል። ይህ ማለት አሮጌ ፎቶግራፍ ፈልጎ፣ ከተቻለ ፉርጎው ያለበት ሄዶ በሜትር ለክቶ፣ ንድፍ አውጥቶ፣ ከእንጨት፣ ከላሜራ፣ ከሽቦና ከፕላስቲክ ቁራጭ ማቆም ነው። ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል፤ የመሰላሉ ብረት፣ የፍሬኑ መዘውር፣ የሪቬቱ ረድፍ፣ የመሣሪያ ሳጥኑ ማጠፊያ፣ ዝገቱ የጀመረበት ጥግ።

ሙያው ሰውን የሚያስተምረው እዚህ ላይ ነው። ከካርቶን አውጥቶ የገጣጠመ ሰው ክፍሎቹ ለምን እዚያ ቦታ እንደሆኑ ማወቅ አይገደድም። ከባዶ የሚሠራ ሰው ግን ይገደዳል። «ይህ ቧንቧ ከየት መጥቶ የት ይገባል? ይህ በር ለምን በዚህ ጎን ብቻ? ይህ ሳጥን ለምን ከጎማው በላይ አልሆነም?» ብሎ ሳይጠይቅ ቢላዋውን ማንሣት አይችልም። መልሱን የሚያውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ጡረተኛ ነው። ሞዴል ሠሪዎች በየአገሩ የባቡር ጡረተኞችን እየፈለጉ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። በድርጅት መዝገብ ያልሰፈረ ስንት ነገር በዚህ መንገድ ተርፏል።

▪️ የበረሃው መስመርና የድሬዳዋው ጋራዥ

ኢትዮጵያ ከዚህ ሙያ ጋር የምትገናኝበት ቦታ ድሬዳዋ ነው።

ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለከበደ ከተማዪቱ ራሷ የተቆረቆረችው በሐዲዱ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ በ1900 ዓ.ም. ሥራው ለአዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ተላለፈ፤ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር። ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል።

ይህ ሐዲድ በመሬቱ የተጠቃው እንዴት ነው? አንደኛ በውኃ እጦት። የእንፋሎት ጎታች ያለ ውኃ አይንቀሳቀስም፤ የኢሳና የአፋር ምድር ደግሞ ውኃ የሚገኝበት ሥፍራ ጥቂት ነው። ሁለተኛ በድንገተኛ ጎርፍ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ የሆነ አሸዋማ ሸለቆ ራቅ ብሎ በተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ጠጠሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ሐዲዱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። ሦስተኛ በምስጥ፤ አግዳሚዎቹ ከእንጨት ሳይሆን ከብረት የተሠሩትም ይህን ለመሸሽ ነው። አራተኛ በሙቀት፤ ብረት ቀን ሲግል ይረዝማል፣ ሌሊት ያጥራል፣ ብሎኑም ይላላል።

ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ ጥገና ማለት በየክፍሉ የተመደበ ቡድን በየዕለቱ ሐዲዱን መፈተሽ፣ ስፋቱን በመለኪያ ብረት መለካት፣ ብሎን ማጥበቅ፣ ከአግዳሚው ሥር የሸሸውን ጠጠር መልሶ መጠቅጠቅ ነበር። የዚህ ሁሉ ማዕከል የድሬዳዋው ጋራዥ ነው። እዚያ ቶርኖ አለ፣ ብረት ማቅለጫ አለ፣ ሞርሳና አናጢ ቤት አለ። ከፈረንሳይ መለዋወጫ እስኪመጣ ወራት ሲፈጅ ክፍሉ እዚያው ይቀረጽ ነበር። አሮጌ ዕቃ በመጣ ቁጥር እጁ ይሰላል፤ በኋለኞቹ ዘመናት ለጎታቾቹ የሚሸጥ መለዋወጫ ከገበያ ሲጠፋ ባቡሩን በእግሩ ያቆመው ይኸው ቶርኖ ነው። ሽማን ደ ፌር እየተባለ በሚጠራው በዚያ መሥሪያ ቤት ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል፤ ከሙያው ጋር ፈረንሳይኛውም ተላልፏል።

በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋርጦ ነበር። እንደገና ተከፍቷል። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር ጠመዝማዛ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከታዩት የባቡር አደጋዎች ከከፉት አንዱ ነው። ባቡር ላይ ጥንቃቄ ሲጓደል የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው። ስለዚህ የጥገና ሰው ሥራ ዝና የለውም፤ ሥራውን በሚገባ ሲሠራ የሚታየው ውጤት «ዛሬም ምንም አልተፈጠረም» የሚል ብቻ ነው።

▪️ ብረቱ ሲሸጥ እጁም ይሄዳል

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አሮጌ መስመር ቆመ። ቀጥሎ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። በብዙ ቦታ ሐዲዱ እየተነቀለ በውራጅ ብረት ተሸጠ፤ ከቀረውም በመንገድና በቤት ሥር የተቀበረ አለ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የሐዲዱ ስፋት ከአሮጌው ይለያል፤ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንቀሳቀሱትም ያስተዳደሩትም እነሱ ናቸው። ሙሉ አስተዳደሩ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች የተላለፈው በ2016 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳዝን ክፍተት አለ። አሮጌው መስመር ቆሞ አዲሱ በኢትዮጵያውያን እጅ እስኪገባ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ አለፈ። በሐዲድ ላይ የኖረ እጅ፣ ብሎን የላላ መሆኑን በመዶሻ ድምፅ የሚለይ ጆሮ፣ ጠጠር የሸሸበትን በእግሩ የሚያውቅ ሰው በዚህ መካከል ጡረታ ወጣ። የኤሌክትሪኩ ቴክኖሎጂ አዲስ ነው እውነት። ውኃ ጠጠርን የሚያጥበው ግን በዚያው በድሮው መንገድ ነው።

ነገሩ ከባቡር የሰፋ ሥር አለው። በዚህ አገር በእጁ የሚሠራ ሰው ክብር ሳይሰጠው ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ የደረሱት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ያው አዲሱ የባቡር ኩባንያ የተቋቋመበት ዓመት። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ቀነሰ እንጂ ከልብ አላወጣውም። በደቡብ ምዕራቡም አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ዳር ተገፍቶ ኖሯል። ሐዲድ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል። ጠጠር ለጠቀጠቀ ሰው ግን ሪባን ተቆርጦለት አያውቅም።

▪️ ጡረተኞቹ የመለሱት መስመር

«ይህ ሁሉ ያለፈ ነው፤ የሞተ ባቡር አይመለስም» የሚል ካለ ወደ ሰሜን ይመልከት። ጣልያኖች ከምጽዋ እስከ አስመራ የዘረጉት 118 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በጦርነቱ ዘመን ቆመ። ሐዲዱና አግዳሚው ተነቅሎ የምሽግ ጣሪያ ሆነ።

ኤርትራ ነጻ ከወጣች በኋላ መስመሩን ለመመለስ ሲታሰብ ከውጭ የመጣው ግምት ውድ ነበር። መንግሥቱ ሌላ መንገድ መረጠ። አሮጌዎቹን የባቡር ሠራተኞች ጠራ። ብዙዎቹ ሽማግሎች ነበሩ። ከምሽግ የወጣውን ብረት ሰብስበው፣ የተጣመመውን አቃንተው፣ የእንፋሎት ጎታቾቹን ፈታትተው ገጠሙ። ሥራው በ1980ዎቹ አጋማሽ ተጀምሮ በ1995 ዓ.ም. ሐዲዱ አስመራ ገባ።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከጎታቾቹ ይልቅ የሚነገርለት ሌላ ነገር አለ። እዚያ ይሄዱ ከነበሩት ተሽከርካሪዎች መካከል ጎማው ወጥቶ በባቡር መንኰራኵር የተተካ የሩሲያ የጭነት መኪና ነበር። የተሠራው ለመንገድ ነበር፤ በጋራዥ እጅ የሐዲድ ተሽከርካሪ ሆነ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሞዴል ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ሲያዩ ዓይናቸው የሚበራው በከንቱ አይደለም። ያ መኪና ባለው ነገር የሚሠራ እጅ ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ብረት ላይ ያሳያል።

ኤርትራውያኑ ዕድለኞች የነበሩት በአንድ ነገር ነው። ብረቱ ቢበተንም የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ነበሩ። አሥር ዓመት ቢዘገይ ኖሮ የሚጠራ ሰው አይኖርም ነበር።

▪️ የሸኮ መስመር ፉርጎ ምን ይመስላል?

እንግዲህ ወደ ቡናው አገር እንመለስ ቢባል፣ አንድ ሰው ዛሬ ተነሥቶ ለጅማና ጉራፈርዳ መስመር የሚሆን የጥገና ፉርጎ ሞዴል ልሥራ ቢል ከምን ይጀምራል?

የድሬዳዋውን መቅዳት አይችልም። ያ የበረሃ ልጅ ነው። በበረሃው የውኃ ፉርጎ ያስፈልግ ነበር፤ እዚህ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቴፒና ሚዛን በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚጥልበት አገር ነው። የሐዲድ ዋና ጠላት ከሥሩ የሚቆም ውኃ ነው። ጠጠር ውስጥ ጭቃ ከገባ አግዳሚው ባቡር ባለፈ ቁጥር ይሰምጣል፤ ውኃውም እንደ ፓምፕ ጭቃውን ወደ ላይ ይስበዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፉርጎ የቦይ መጥረጊያና የጠጠር ማጠቢያ ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው ጠላት አረንጓዴው ነው። በዚህ አገር የተተወ መሬት በአንድ ክረምት ጫካ ይሆናል። በሐዲድ መሐል የበቀለ አረም ቦዩን ይደፍናል፣ ሐዲዱን ያንሸራትታል፣ ጠጠሩን በሥሩ አፈር ያደርገዋል። በሌላ አገር አረም ማጥፊያ መድኃኒት የሚረጭ ፉርጎ አለ። እዚህ ግን በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለው ቡና፣ ኮረሪማና የንብ ቀፎ ነው። መድኃኒት ከተረጨ የሚሞተው አረሙ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የሸኮ ፉርጎ የሚረጭ ሳይሆን የሚያጭድ መሆን አለበት። ይህን አንድ ነገር የውጭ አማካሪ ላያስበው ይችላል፤ ቀፎ የሰቀለ የሸኮ ገበሬ ግን ሳይጠየቅ ይናገረዋል።

ሦስተኛው የሚንሸራተት ተራራ ነው። ከካፋ ደጋ ወደ ጉራፈርዳ ቆላ መውረድ ማለት ብዙ ገደላገደልና ቀይ አፈር ማቋረጥ ነው። መንገዱን የሚያውቁ ሾፌሮች ክረምት ሲገባ የትኛው ቁልቁለት እንደሚናድ ያውቃሉ። ስለዚህ አካፋ ያለው ክሬን፣ የተናደ አፈር የሚጭን ፉርጎ፣ ሌሊት የሚሠራ መብራትና ሠራተኛ የሚያድርበት ደረቅ ቤት ያስፈልጋል።

ሞዴሉ ገና ሳይሠራ እነዚህን ሁሉ ጠየቀ። የሞዴል ጥቅሙ ይህ ነው። መጫወቻ የሚመስለው ነገር ውስጥ ትልልቁ ጥያቄ አለ፤ «መሬቱ ምን ያደርገናል?» የሚል።

ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃም ውድ አይደለም። ሞዴል ሠሪዎች አንድ ሜትር ስፋት ላላቸው መስመሮች የሚጠቀሙበት አንድ ትልቅ ልክ አለ፤ 22 ከግማሽ ጊዜ ማሳነስ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በጀርመን የታወቀ ልክ ነው። በዚህ ልክ የአሮጌው የጅቡቲ መስመር ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ዘጠኝ ሜትር የሆነ ፉርጎ ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር። ይህ በማጉያ መነጽር የሚሠራ አይደለም። የእንጨት ቁራጭ፣ የቆርቆሮ ላሜራ፣ ሽቦ፣ ሰጌቶና ሙጫ ይበቃል። የመንደር ልጅ ለአይሱዙው የሚጠቀምበት ያው ዕቃ ነው።

▪️ «ባቡር ሳይኖር ሞዴል ምን ያደርጋል?»

ይህን የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቡና አምራቹ ዛሬ የሚያስጨንቀው የቡናው ዋጋና የመንገዱ ጭቃ ነው። በሌለ ባቡር ላይ ፉርጎ መቅረጽ ቅንጦት ይመስላል።

መልሱ ግን በታሪኩ ውስጥ አለ። ባቡር የሚመጣው ገንዘብ ሲገኝ በአንድ ውል ነው፤ በአራት በአምስት ዓመት ይዘረጋል። የሚጠግነው እጅ ግን በውል አይመጣም። ሃያ ዓመት ይፈጃል። የድሬዳዋው ጋራዥ እጅ የተሠራው በሦስት ትውልድ ነው። ስለዚህ ከባቡሩ ቀድሞ መጀመር ያለበት እጁ ነው። ትንሹን ያልሠራ እጅ ትልቁን ሲሰጡት ይፈራል፤ ወይም ሳይፈራ ያበላሸዋል።

የሚሠራበት ቦታም የለም ማለት አይቻልም። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በቴፒ ግቢው ምሕንድስና ያስተምራል። በየከተማው የቴክኒክና ሙያ ተቋም አለ፤ የብየዳና የእንጨት ክፍል አለው። አንድ መምህር ተማሪዎቹን በቡድን ከፍሎ «ለዚህ አገር ዝናብ የሚሆን የጥገና ፉርጎ ከባዶ ሥሩ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ሾፌር፣ አንድ ገበሬና አንድ የመንገድ ሠራተኛ ጠይቁ» ቢላቸው የሚወጣው ወጪ የቆርቆሮና የሙጫ ነው። ሁለት ተማሪ ደግሞ ድሬዳዋ ሄዶ በሕይወት ያሉትን የጋራዥ ሽማግሎች አግኝቶ፣ የቆሙትን አሮጌ ፉርጎዎች በሜትር ለክቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ቢመለስ በገንዘብ የማይገዛ ነገር ይተርፋል። ፉርጎው ነገ በውራጅ ብረት ሊሸጥ ይችላል። ልኩ ግን በወረቀትና በሞዴል ላይ ይቀራል።

ሞዴል ባቡር አያመጣም። ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን 1886፣ 1894 እና 2000ዎቹ ያስተማሩት አንድ ነገር ካለ፣ በወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ብቻውን ለአንድ አካባቢ ምንም እንደማይሠራ ነው። የሚጠብቁት ሰዎች በእጃቸው የያዙት ነገር ከሌለ ወረቀቱ ሲቀደድ አብሮ ይቀደዳል። እጅ የያዘ ሰው ግን ባቡሩ ቢቀር እንኳ ሙያው አይቀርበትም፤ ያው እጅ የቡና መፈልፈያ ማሽን ይጠግናል፣ የወፍጮ ኩሽኔታ ይለውጣል፣ የአይሱዙ ፍሬን ያስተካክላል።

የሽቦ መኪና የሚሠራው ልጅ ሥራውን አስቀድሞ ጀምሮታል። ለክቶ ይቆርጣል፤ ያየውን አስታውሶ ይሠራል፤ ሲሰበር ራሱ ይጠግናል። እስካሁን የጎደለው የባቡርን ነገር የሚያሳየው ሰው ነው። መጀመሪያ ሊያሳዩት የሚገባውም የሚያፏጨውን ጎታች ሳይሆን ዳር ላይ ቆሞ ጠጠር የሚጭነውን፣ ማንም የማያየውን ፉርጎ ነው።